ጽዋውና ማኅተሙ፦ ማኅበራት በመንፈሳዊውና በሕዝባዊው ኑሮ

ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የሚካኤል ማኅበርተኞች ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ድግሱ የባለቤቱ ነው፤ ቤቱ ግን ለዚያች ምሽት የማኅበሩ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ጠላው ይቀዳል፤ የቀረ ሰው ካለ ስለ ምን እንደ ቀረ ይጠየቃል፤ የታመመ ካለ የሚጎበኙት፣ የተጣላ ካለ የሚያስታርቁት ይመደባሉ። በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ከተቀመጠበት ይነሣል። የዕለቱ ደጋሽ ለመጪው ወር ተረኛ ያስረክበዋል። ተረኛው በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ሌሎቹም ጧፍ አብርተው እስከ ደጁ ይሸኙታል።

ጽዋውን የተቀበለው ሰው ባለጸጋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለሚቀጥለው ወር ድግስ ጌሾና ብቅል የሚገዛበትን ገንዘብ ከወዴት እንደሚያመጣ ሲያስብ የሚያድር ድኻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተራቸው ሲደርስ አስተናጋጆች ናቸው፤ ተራቸው ሲያልፍ ተስተናጋጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ልጁ ወይም ሚስቱ በቦታው ይተካሉ። ማኅበርተኞቹ በሙሉ በሌላ ትውልድ ቢለወጡም ማኅበሩ ያው የሚካኤል ማኅበር ነው። የሕግ ሊቃውንት «የሕግ ሰውነት» ብለው የሚጠሩትን፣ ከአባላቱ ዕድሜ የሚያልፍ ዕድሜ ያለውን አካል፣ ይህ ሕዝብ የሕግ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ በጽዋ ብቻ ፈጥሮት ኖሯል።

በሌላ በኩል ደግሞ ማኅተም አለ። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ነው። ማኅበርን ይመዘግባል፣ ስም ይሰጠዋል፣ በፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ደግሞም ያግደዋል፣ ይበትነዋል፣ አንዳንድ ጊዜም የራሱ ክንድ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የማኅበራት ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ፣ የጽዋውና የማኅተሙ፣ የረጅም ዘመን ጉርብትና ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ ታሪክ ጎልቶ የሚታየውም አንድ ነገር ነው። ማኅበር በሕይወት የሚኖረው ሸክሙ በተራ እስከ ዞረ ድረስ ነው። ተራው የቆመበት ማኅበር ስሙና ማኅተሙ እንዳሉ ይሞታል፤ ተራው ያልቆመበት ግን ማኅተም ቢነፈገውም ይኖራል።

ከቃሉ እንነሣ

«ማኅበር» የግዕዝ ቃል ነው። ሥሩ «ኀብረ» ሲሆን ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። «ኅብረት» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ «ኅብረተሰብ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር ተመሥርቶ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ የመነኮሳት ጉባኤም፣ የሠፈር ዕድርም፣ የሠራተኞች ድርጅትም፣ የከያንያን ማኅበርም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ቋንቋው መንፈሳዊውንና ዓለማዊውን አልለየም። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ሕዝቡ በአንዱ ቤት የተማረውን ሥርዓት ወደ ሌላው ቤት ይዞ እንደ ገባ የሚያመለክት ነው።

የማይሞተው ባለ ርስት

በአገራችን ከሁሉ ቀድሞ ጎልቶ የሚታየው የማኅበር አካል ገዳሙና ደብሩ ነው። ነገሥታት ለገዳማትና ለአድባራት መሬት ሲሰጡ ስጦታው ብዙ ጊዜ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወንጌለ ወርቅ፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን የተሰጡ የመሬት ስጦታዎች የተመዘገቡበት በመሆኑ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በእንዲህ ዐይነቱ ጽሑፍ ፍጻሜ ላይ የሚገኘው ውግዘት ስጦታውን የሚነካውን ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ከበረከት ይለየዋል። ውግዘቱ የዚያ ዘመን ማኅተም ነበረ። ተቀባዩ አበ ምኔቱ አይደለም፤ መነኮሳቱም አንድ በአንድ አይደሉም፤ ታቦቱና በታቦቱ ስም የቆመው ማኅበር ነው። አበ ምኔት ይሞታል፤ መነኮሳት ያልፋሉ፤ ባለ ርስቱ ግን አይሞትም።

ደብሩን ከውስጥ ያቆመው ደግሞ ተራ ነበረ። አለቃ፣ ገበዝ፣ መሪጌታ፣ መጋቢ የየራሳቸው ሹመት ነበራቸው፤ ቅዳሴው ግን በሰሞን ይከፈል ነበር። ካህኑ ሰሞነኛ የሚባለው በዚያች ሰሞን የአገልግሎቱ ባለ ተራ በመሆኑ ነው። የሰሞን መሬት ይባል የነበረውም ለዚህ አገልግሎት መቋሚያ የተመደበ ነበር፤ መሬቱን የያዘ አገልግሎቱን ይወጣ ነበር።

ይህ ሥርዓት ኃይሉንም ድካሙንም በታሪክ አሳይቷል። ኃይሉን ለማየት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ማስታወስ ይበቃል። በ14ኛው መቶ ዘመን አባታቸው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ከአገር ወጥተው በአርመን አረፉ። ደቀ መዛሙርቱም ከክህነትና ከቤተ መንግሥት ርቀው በሰሜን ደጋ ተበተኑ። ይሁን እንጂ አልጠፉም፤ ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት መሠረቱ፤ በየገዳማቸው አርሰውና አስተምረው ሥርዓታቸውን ለተተኪ አወረሱ። አንድ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ የሰንበት ትምህርታቸው ተቀባይነት አገኘ። ማኅተሙ ወደ እነርሱ የመጣው እነርሱ ያለ ማኅተም መኖር ከቻሉ በኋላ ነው።

ድካሙ ደግሞ በጎንደር ዘመን በሪም መሬት ላይ ታየ። ሪም ለደብር አገልጋዮች የተሰጠ መሬት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይሸጥ ይለወጥ ጀመር። ቀድሶም ሆነ ማኅሌት ቆሞ የማያውቅ መኰንንና ወይዘሮ ሪሙን ይይዛል፤ አገልግሎቱን እንዲወጣለትም ድኻ ካህን በጥቂት እህል ይቀጥራል። መሬቱ ለባለጸጋው፣ ተራው ለምንደኛው ሆነ ማለት ነው። በመሬቱ ላይ ያረሰው ገባር ደግሞ ከመጀመሪያውም በማኅበሩ ጥቅም እንጂ በማኅበሩ ምክር አልነበረበትም። የደብሩ የማይሞት አካል የገባሩን ጉልበት እየበላ የኖረ አካል መሆኑን መዘንጋት ታሪክን መሸፈን ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የደብርና የገዳም ጉልት ከሌላው ጉልት ጋር አብሮ አበቃ። ከዚያ በኋላ ደብሩን የያዘው ምእመናን የሚያዋጡት ነው። ሰሞነኛው ግን ዛሬም በሰሞኑ ይቀድሳል። መሬቱ ሄደ፤ ተራው ቀረ።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ ሠፈር

ከደብሩ ሹማምንት ውጭ ያለው ምእመን የራሱን ማኅበር ያቆመው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው ቀደም ብሎ የተነገረው በየቤቱ የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ በሰንበቴ ቤት ይሰበሰባል። ተረኞቹ ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባሉ፤ ካህናቱና በደጀ ሰላሙ የተቀመጡ ነዳያን ይካፈላሉ። የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል። ሕዝብን የመራ ሰው ስም ለጠላ አሳላፊ አለቃ መሰጠቱ ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሙሴ የሚያዘው በሹመት ደብዳቤ አይደለም፤ ማኅበርተኞቹ ስለሚሰሙት ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ የተገኘው ትምህርት ቀላል አልነበረም። ጊዜን ጠብቆ መገኘት፣ ያልተገኘውን መቅጣት፣ የጋራን ዕቃ መረከብና ማስረከብ፣ ተናጋሪን ማስጨረስ፣ ከመካከል ሽማግሌ መምረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ኋላ በከተማ ለተነሡት ማኅበራት ስንቅ ሆነዋል። ገበሬው ደግሞ ይህንኑ በእርሻው ላይ ያውቀዋል። በወንፈል ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረሰ ነገ የሌላው ይታረሳል፤ በሬና ጉልበት በተራ ይዋዋሳሉ። በዕቁብም ገንዘቡ በዕጣ ይዞራል፤ ዳኛው ዋስ ይጠራል፤ የወሰደውም እስከ መጨረሻው ይከፍላል። ሃይማኖቱ፣ እርሻውና ንግዱ በአንድ ሕግ ተዳደሩ፤ እርሱም ተራ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማዪቱ ከደረሰ ወዲህ፣ ከየአውራጃው የፈለሰው ሕዝብ አዲስ ችግር ገጠመው። በአገሩ የሞተ ሰው የሚቀብረው ዘመድ፣ የሚያለቅስለት ጎረቤት፣ የሚያርፍበት የአያቶቹ ደብር አለው። በከተማ ግን ኩሊውም፣ ሸማኔውም፣ ነጋዴውም ብቻውን መጥቶ በኪራይ ጎጆ ይሞት ነበር። ዕድር የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። የዕድርን አመጣጥ ያጠኑ ሰዎች ከጉራጌ አገር የመጡ የከተማ ሠራተኞችና ነጋዴዎች በምሥረታው የነበራቸውን ድርሻ፣ እንዲሁም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመስፋፋቱ ምክንያት መሆኑን ያመለክታሉ። ዘመድ በተበተነበት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መግባቱን በማያውቅበት ዘመን ጎረቤት ዘመድን ተካ።

የዕድሩ አሠራር ለሁሉ የታወቀ ነው። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ አለ፤ ሰብሳቢ ወይም ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ጠባቂ አሉ። ሞት ሲደርስ ጡሩንባ ነፊው በሌሊት መንደሩን ዞሮ ይጣራል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ስም ይጠራል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ሐዘንተኛው ቤት ለቀናት ይመገባል፣ ይጠበቃል። በጽዋው ማኅበር ተራው በወር ይመጣል፤ በዕድር ተራው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። ስለዚህም ዕድር ከማኅበራት ሁሉ ይልቅ ሃይማኖትንና ዘርን የተሻገረው ሆነ። በአንድ ድንኳን ሥር ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይቀመጣል።

ይህ ሥርዓት የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ በአንድ መንደር ያሉ ሙስሊሞችንና ክርስቲያኖችን በቀብርና በሐዘን የሚያስተሳስር ማኅበር በገጠር ሥር የሰደደ ነው። የቅሬን ደንብ የጣሰ ሰው እሳት እስከ መከልከል ይደርስበታል፤ የሚፈራውም ከፍርድ ቤት ቅጣት ይልቅ ይህ ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ አፎቻ አለ። አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የሚቆም፣ ወንዶችና ሴቶች በየራሳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ የሐረሪ ሰው በከተማው ያለው ቦታ የሚታወቅበት አንዱ መለኪያ ነው።

እነዚህን ማኅበራት ያለ ነቀፋ ማወደስ ግን አይገባም። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ድኻ ከመዝገቡ ይፋቃል፤ ዕድር በጣም የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ከጽዋው ገበታ ርቀው ኖረዋል። ሴቶች በድግሱ ሲደክሙ በመዝገቡ የሚጻፈው የባል ስም ነበር። የሴቶች ዕድር በየሠፈሩ ለብቻው መቋቋሙ የዚህ መልስ ነው። ሴቶቹ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አላቀረቡም፤ የራሳቸውን መዝገብ ከፈቱ።

ማኅበር ለአገር

ዕድርና ጽዋ የሠፈር ጉዳዮች ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ግን የጦርነት ደመና በአገሪቱ ላይ ሲያንዣብብ ማኅበር ለአገር ጉዳይ ተጠራ። በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በአደባባይ ሰብስቦ በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር ስለ ነጻነት መቀስቀስ ጀመረ። ወረራው በሚቀጥለው ዓመት አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ተመልሶ ቆመ፤ የአዝማሪው ማሲንቆና የዘመናዊው ቴአትር መድረክ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙበት። ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያን የጥበብ ጉዟቸውን የጀመሩት በዚህ ቤት ነው። ሀገር ፍቅር ማኅበር ሆኖ ተወልዶ ቴአትር ቤት ሆኖ ኖረ። ከያኒው ከአባልነት ወደ ደመወዝተኛነት ሲያልፍ ኑሮው በመጠኑ ተደላደለ፤ የቤቱን ጉዳይ የሚወስነው እጅ ግን ከእርሱ ራቀ። ለኪነ ጥበብ ሰዎች ይህ እስከ ዛሬ የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ የከተማው ነዋሪ የተወለደበትን አገር ማሰብ ጀመረ። የጉራጌ ተወላጆች በመዋጮ ወደ አገራቸው መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። ዓለም ገናን ከወላይታ ሶዶ ለሚያገናኘው መንገድም እንዲሁ ማኅበር ተነሣ። የዕድሩ መዝገብና የዕድሩ ጸሐፊ ለመንገድ ሥራ ዋሉ ማለት ይቻላል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለማሠራት ተነሥቶ በየአውራጃው ሰፊ ሕዝብ ሰበሰበ። የሕዝቡ ብዛትና በስብሰባዎቹ የሚነገረው የመሬትና የእኩልነት ጥያቄ ግን መንግሥቱን አስፈራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ፤ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጣ።

ሕግ ሲመጣ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማኅበራት ስም ሰጣቸው። በአንቀጽ 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሕግ ሰውነት እንዳላት ተደነገገ። በአንቀጽ 404 ደግሞ ማኅበር ማለት ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የሚያቋቁሙት ኅብረት እንደ ሆነ ተገለጠ። ለአንድ የጽዋ ሙሴ ይህ አንቀጽ አዲስ ነገር አይነግረውም፤ አያቱ የሚያውቁትን በሕግ ቋንቋ ይደግምለታል። አዲሱ ነገር ግን ቀጥሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ማኅበራት በመንግሥት እንዲመዘገቡና በቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ አደረገ። ማኅተሙ የሚያስታውቅም የሚያስቆምም ሆነ።

ሥልጣን ማኅበርን በእንዲህ ዐይነት ሁለት ዐይን ማየቱ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከሮም አጠገብ በምትገኘው በላኑቪዩም ከተማ እ.ኤ.አ. በ136 በድንጋይ የተቀረጸ የአንድ የቀብር ማኅበር ደንብ ተገኝቷል። አዲስ ገቢ 100 ሴስቴርስ የሚባል የሮም ገንዘብና አንድ ጋን ጥሩ ወይን ጠጅ ይሰጣል፤ በየወሩ መዋጮ ይከፈላል፤ አባል ሲሞት ማኅበሩ ይቀብረዋል፤ መዋጮውን ለረጅም ጊዜ ያቋረጠ ግን ቀብሩን ያጣል፤ በድግስ ላይ የተሳደበ ይቀጣል፤ ባሪያ የነበረ አባል ነጻ ሲወጣ ጋን ወይን ያቀርባል። አንድ የአዲስ አበባ ዕድር ጸሐፊ ይህን ደንብ ቢያነብ ከወይኑ በቀር የሚያስገርመው ነገር አያገኝም። መንግሥትም ይህን መሰል ማኅበር በወር አንድ ጊዜ እንዲሰበሰብ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን ከዚያ 25 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በኒቆምድያ ከተማ ብዙ ቤት ከተቃጠለ በኋላ አገረ ገዢው ፕሊኒ 150 ሰዎች ያሉበት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር እንዲቋቋም ንጉሠ ነገሥቱን ትራያንን ቢጠይቅ ተከለከለ። ምክንያቱም ሰዎች በምንም ስም ቢሰበሰቡ ብዙ ሳይቆዩ የፖለቲካ ማኅበር ይሆናሉ የሚል ነበር። ለገዢው ከእሳቱ ይልቅ የሚያስፈራው እሳቱን ለማጥፋት የሚሰበሰበው ሕዝብ ሆነ። የመንገድ ማኅበር የተፈቀደበት፣ መጫና ቱለማ ግን የታገደበት ምክንያትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ማኅተሙ ያለ ጽዋ

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ማኅበር የሚለውን ቃል ከሠፈር አንሥቶ የአገር መዋቅር አደረገው። በገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር በሆነ መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበር ይቋቋም ጀመር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችም በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። መነሻው ታላቅ ተስፋ ነበረው። ትናንት የባላባቱን ደጅ ይጠና የነበረ ጭሰኛ በማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊመርጥና ሊመረጥ ቻለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እነዚህን ማኅበራት መሠረት አድርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊደል እንዲቆጥር አድርጓል። ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ማኅተሙ ጽዋውን ዋጠው። በማኅበሩ አባል መሆን ምርጫ መሆኑ ቀረ፤ መታወቂያው፣ የስኳር ራሽኑ፣ የመኖሪያ ቤቱ ሁሉ በአንድ ማኅተም ሥር ሆነ። ሥልጣኑ በተራ የሚዞር ሳይሆን ከላይ የሚሰጥና ወደ ላይ ብቻ መልስ የሚሰጥ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ቀበሌዎች የአብዮት ጥበቃ ጓድና እስር ቤት ያላቸው የፍርሃት ቦታዎች ሆኑ።

በዚያ ዘመን የሁለቱ ማኅበራት ልዩነት በአንድ ነገር በግልጽ ታየ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ሐዘን እንዳይቀመጡ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ጡሩንባው አልተነፋም፤ ድንኳኑ ከተቀመጠበት አልወጣም። ነዋሪዎችን ለመጠበቅ የተቋቋመው ማኅበር፣ ነዋሪዎች ለመላቀስ ያቋቋሙትን ማኅበር አፉን ዘጋው። ማኅበር ለአባሉ ሊያደርግ የሚችለው የመጨረሻው ነገር መቅበርና ማልቀስ ነውና፣ ይህ ሲከለከል የተነጠቀው ገንዘብ ወይም ስብሰባ ብቻ አልነበረም፤ የሟቹ ሰውነት በሕዝብ ፊት የሚረጋገጥበት የመጨረሻው ሥርዓት ጭምር ነበረ።

የሠራተኞች ማኅበርም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት ታግዶ በቦታው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ተተካ። ስሙ ሰፋ፤ ጥያቄ የማቅረብ ዐቅሙ ግን ጠበበ። ዕድሩ በበኩሉ ከቀብር ሥራ እንዳያልፍ ተወስኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መዝገቡን ዘርግቶ፣ ወር ጠብቆ መዋጮውን ሰበሰበ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲያከትም ብዙዎቹ ትልልቅ ማኅበራት ከማኅተማቸው ጋር ከሰሙ፤ ዕድሩ ግን ድንኳኑን ተሸክሞ ከዚያኛው ዘመን ወደዚህኛው ተሻገረ።

ያልተመዘገበው አካል

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ፈተና ቀላል አልነበረም። የኤድስ በሽታ ወጣቱን ሲቀጥፍ ዕድሮች በየሳምንቱ ድንኳን መትከል ጀመሩ፤ ካዝናቸውም ነጠፈ። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ሟችን ከመቅበር አልፈው ሕመምተኛውን መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት መርዳት የማኅበሩ ሥራ እንዲሆን ደንባቸውን ለወጡ። ለሞት የተቋቋመው ማኅበር ለሕይወት መሥራትን ተማረ። ደንቡን የለወጠው የበላይ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም፤ በአባላት ስብሰባ ተመክሮበት፣ ተከራክረውበትም ነው።

ሕጉም ቢሆን ዕድርን በአክብሮት ከደጅ አቁሞታል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ሲደነግግ ዕድርንና ዕቁብን ከወሰኑ ውጭ አደረጋቸው፤ ያን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም እንዲሁ። ይህ በአንድ በኩል ነጻነት ነው፤ ተቆጣጣሪ በየወሩ መዝገቡን አይገልጥም። በሌላ በኩል ደግሞ ደካማነት ነው፤ ገንዘብ ያዥ ሲያጎድል፣ ድንኳን የሚቀመጥበት ቦታ ሲፈርስ፣ ያልተመዘገበው አካል መብቱን ለማስከበር ብዙ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ማኅተም ሁሉ ጠላት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ጽዋውን ከጉዳት የሚጠብቅ፣ ነገር ግን ጽዋው ወደ ማን እንደሚዞር የማይወስን ማኅተም ያስፈልጋል። ይህን ሚዛን መጠበቅ ለሕግ አውጪም፣ ለአስተዳዳሪም፣ ለማኅበር መሪም የቀረበ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለቀረበለት ሁሉ አንድ ማስረጃ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይታያል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመሀል ከተማው አሮጌ ሠፈሮች እየፈረሱ ነዋሪዎቻቸው በከተማው ዳርቻ ወደ ተሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛውረዋል። የአንዱ መንደር ሰው በአራት ማዕዘን ተበትኗል። አባላቱ ከተዛወሩም በኋላ ለቀብርና ለወር ስብሰባ ሁለት ሦስት ታክሲ እየለዋወጡ የሚመጡባቸው ዕድሮች ግን ጥቂት አይደሉም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የቤት ቁጥር የፈረሰ ቤት ቁጥር ነው፤ በስሙ አንጻር ያለው የመዋጮ ምልክት ግን ያልተቋረጠ ነው። ከአገር ወጥተው በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ዕድር አቋቁመው የሟችን አስከሬን ወደ አገሩ ለመሸኘት ያዋጣሉ። የመቃብሩ መንገድ ከቤት እስከ ደብር የነበረው ውቅያኖስን የሚያሻግር ሆኗል፤ መዋጮው ግን ያው መዋጮ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ተረቱ። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን ሲይዝ ነው። አንዱ ሃምሳውን ሁሉ በማኅተም ቆልፎ ይዞ ሌሎቹን ባዶ እጃቸውን ቢያሰልፋቸው፣ ሰልፉ ሰልፍ ይሆናል እንጂ ማኅበር አይሆንም።

መጪው ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጽዋው ደግሞ ይነሣል። የሚቀበለው እጅ ሌላ ነው።